ልጃችንን ለቤት ወይስ ለትምህርት ቤት?



ክረምት በተቃረበ ቁጥር በወሎ ሰፈር ከአስር ሰላት በኋላ መስጂድ በር ላይ የሚነሳ አንድ ወሬ አለ። «ልጄን ዘንድሮ የት ላስገባው?» የሚል ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ግን ጥያቄው መልኩን ቀይሯል። አንዳንድ ወንድሞች «የት» የሚለውን ትተው «ለምን አስገባዋለሁ?» ማለት ጀምረዋል። ልጁ ቤት ተቀምጦ ቁርኣኑን ይሐፍዝ፣ ፊደልና ሒሳብ እናቱ ታስተምረው፣ እንግሊዝኛውን ከስልክ ይልቀም፤ የመንግሥት ት/ቤት ገብቶ ሰላቱን ጥሎ ስድብና ቲክቶክ ተምሮ ከሚመለስ ይሄ ይሻላል ነው የሚሉት። ይህን የሚሉት ሰዎች ግድ የለሾች አይደሉም። እንዲያውም ስለ ልጃቸው ዲን ከብዙዎቻችን ይበልጥ እንቅልፍ ያጡ ናቸው። ስለዚህ «ኋላ ቀርነት ነው» ብለን ዘግተን የምናልፈው ጉዳይ አይደለም።

እኔንም ይመለከተኛል። ሴት ልጄ ለመጪው መስከረም ሰባት ዓመት ይሞላታል። ከባለቤቴ ጋር ጉዳዩን ለወራት ስናወጣና ስናወርድ ቆይተን የደረስንበትን፣ ከነምክንያቱ፣ ለውድ አንባቢያን ማቅረብ ወደድሁ።

ስጋቱ መሠረት አለው

በመጀመሪያ እውነቱን እንነጋገር። የመንግሥት ት/ቤት ለሙስሊም ልጅ ተብሎ የተሠራ ቤት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ወላጅ ልጁን በእምነቱ መሠረት የማሳደግ መብቱ ደግሞ በአንቀጽ 27 ተጠብቋል። ሁለቱ አንቀጾች በወረቀት ላይ አይጋጩም። የሚጋጩት በት/ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ትምህርት ሚኒስቴር በትምህርት ተቋማት ስለሚፈጸም አምልኮ ባወጣው መመሪያ የጋራ ሰላትና ኒቃብ ሲከለከሉ፣ አንዳንድ ርእሰ መምህራን ከመመሪያው አልፈው ሻርፕ ወደ ማስወለቅ ሄደዋል። ሩቅ ሳንሄድ በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ ሙስሊም ሴት ተማሪዎች ሒጃባችሁን አውልቁ ተብለው ከክፍል ተከልክለው ነበር። የ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባም ሊያመልጣቸው ደረሰ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ በጥር ወር ክልከላው በጊዜያዊነት ታገደ።

በአዲስ አበባ ችግሩ ብዙውን ጊዜ እንዲህ በግልጽ አይመጣም፤ በቀጭኑ ነው የሚገባው። በአንዳንድ ክፍል ልጆች ተጨናንቀው ስለሚቀመጡ መምህሩ የሁሉንም ስም እንኳ ሳይይዝ ዓመቱ ያልቃል። የግል ት/ቤት አስገባሁ ያለውም ወላጅ አላመለጠም። «ከለር ደይ»፣ «ክሬዚ ደይ» እየተባለ የሚደረገውን ጭፈራ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለዚያውም ከክፍያው በላይ የልብስ ወጪ አለበት። ከግቢ ውጪ ደግሞ የሺሻና የጫት ቤት አለ።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ ልጄን ላውጣ የሚል አባት ምን አጠፋ?

እኔ የምለው፣ ስጋቱ ትክክል ሆኖ መድኃኒቱ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል ነው። ይህንንም ለማየት ሁለት ነገር መመርመር ይጠቅማል፤ ከእኛ በፊት የነበሩት ሙስሊሞች ምን አደረጉ፣ ቤታችንስ በእርግጥ ምን አቅም አለው።

ፊደሉን ያስተማሩት እነማን ነበሩ?

«ልጃችንን ሙስሊም ያልሆነ መምህር እንዴት ያስተምረዋል?» የሚል አለ። የበድርን ታሪክ እናስታውስ። በሁለተኛው ዓመተ ሒጅራ ከቁረይሽ የተማረኩትን ሰዎች ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤዛ ሲለቁ፣ ገንዘብ የሌለው ግን መጻፍ የሚችል ምርኮኛ አሥር የመዲና ልጆችን መጻፍ እንዲያስተምር አድርገው ነበር። መምህሩ ሙሽሪክ ነው። ያውም ትናንት ሰይፍ መዞ የመጣ ነው። የሙስሊም ልጆች ግን ከፊቱ ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ዘይድ ኢብኑ ሳቢት (ረ.ዐ.) እንደነበሩ የሲራ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። ዘይድ ኋላ የወሕይ ጸሐፊ ሆኑ፤ በአቡበክር (ረ.ዐ.) ዘመን ቁርኣንን በአንድ ጥራዝ የማሰባሰቡ ሥራ የተሰጣቸውም እርሳቸው ናቸው። የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማሩ በታዘዙ ጊዜም በግማሽ ወር ገደማ ችለውታል።

ምርኮኛው ያስተማረው ፊደሉን ነው። ኢማኑን ያስተማረው ግን ሌላ ነው፤ ቤቱና መስጂዱ ነው። ይህን ልዩነት አጥብቀን ብንይዝ ብዙ ግራ መጋባት ይቀልልናል።

የቤት ትምህርትም በሲራ ውስጥ አለ። አሽ-ሺፋእ ቢንት ዐብዲላህ (ረ.ዐ.) መጻፍ ከሚችሉት ጥቂት የቁረይሽ ሴቶች አንዷ ነበሩ፤ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤት ሐፍሷን (ረ.ዐ.) መጻፍ ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ ቤት ውስጥ መማር ነውር የለበትም። ነገር ግን አስተማሪዋ የምታውቅ ሴት መሆኗን ልብ ይሏል።

ከሁሉ ይበልጥ ለእኛ ለሐበሾች የሚቀርበው ደግሞ የኡሙ ኻሊድ ታሪክ ነው። ወላጆቿ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሰሓባዎች ናቸው፤ እርሷም የተወለደችው እዚሁ ነው። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) የመሯቸው ስደተኞች እስከ ሰባተኛው ዓመተ ሒጅራ ድረስ በክርስቲያን ንጉሥ አገር ልጆች ወልደው አሳድገዋል። በጎረቤት ቋንቋ የሚያወሩ ልጆች ነበሩ። ኡሙ ኻሊድ ትንሽ ልጅ ሳለች ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልብስ አልብሰዋት «ያምራል» ያሏት በሐበሻ ቃል እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። አስቡት፤ የዚያች ልጅ ዲን በባዕድ አገር አልጠፋም፤ የአገሩም ቋንቋ ከአፏ አልተነቀለም።

አባቶቻችን የከፈሉት

ልጅን ከመንግሥት ት/ቤት ማራቅ ለአገራችን ሙስሊም አዲስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ት/ቤት በ1900 ዓ.ም. ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። ኋላም በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመንግሥቱ ሃይማኖት የትኛው እንደሆነ በግልጽ ደነገገ። እንዲህ ባለ ዘመን ሙስሊሙ አባት ልጁን ወደ አስኳላ መላክ ፈራ። ፍርሃቱም ከሜዳ የመጣ አልነበረም፤ ስማቸውን ቀይረው የተማሩ ሰዎች ታሪክ በየቤታችን አለ። በደሉ የመንግሥት ነበር፤ ይህን ማንም አይክድም።

ውጤቱ ግን በማን ላይ ወደቀ? ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች በብዙ ሺህ ሆነው ሰልፍ ሲወጡ ካነሷቸው ጥያቄዎች መካከል በመንግሥት ሥራ በእኩልነት የመቀጠር ጥያቄ ይገኝበታል። በዓሎቻችን የተከበሩት ከዚያ ሰልፍ በኋላ ነው። ቅጥሩ ግን እንደ በዓል በአዋጅ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። በሩ ሲከፈት በሩ ላይ የሚቆም የተማረ ሰው ማነስ ብዙ ዓመት ጎድቶናል። ዛሬ ልጃችንን በገዛ ፈቃዳችን ቤት ስናስቀምጥ፣ ያን ጊዜ ሌላው የከለከለንን ዛሬ እኛው ለራሳችን እየከለከልን እንዳይሆን እፈራለሁ። የአክሱሞቹ እህቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያወቁት ይመስለኛል። «እንግዲያው ቤታችን እንማራለን» አላሉም። ሒጃባችንን ለብሰን እዚያው ዴስክ ላይ እንቀመጥ ነው ያሉት።

የወሎ ደረሳ ቤት አልተቀመጠም

ሰፈራችን ስሙን ከወሎ ወስዷልና ወደዚያው ልሂድ። «አባቶቻችን በአስኳላ ሳይሆን በቤታቸው ተምረው ነው ዓሊም የሆኑት» ሲባል እሰማለሁ። ይህ ትክክል አይደለም። የወሎ የዒልም ታሪክ ከቤት የመውጣት ታሪክ ነው። ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ ጀማ ንጉሥን፣ ሐጂ ቡሽራ ጌታን የዒልም ማእከል ሲያደርጉ፣ ዳናና ሾንኬም ስማቸው ሲገን፣ እዚያ የተሰበሰቡት ደረሶች ስንቃቸውን ተሸክመው ከእናታቸው ጓዳ የወጡ ልጆች ነበሩ። ፊቅሁን ከአንዱ ሸኽ፣ ነሕዉን ከሌላው፣ ተፍሲሩን ከሦስተኛው ለመቅራት ቀዬ ከቀዬ ይዞሩ ነበር። የሚያበላቸውም ያገሩ ሰው ነው። አባት ልጁን ለማያውቀው ሸኽ «ሥጋው ላንተ፣ አጥንቱ ለእኔ» ብሎ አስረክቦ ይመለስ ነበር።

ለምን? አንድ ቤት ሁሉንም ዒልም እንደማይዝ ያውቁ ስለነበር ነው። ነሕው የማያውቅ አባት ልጁን ነሕው አላስተማረም፤ ወደሚያውቅ ሰደደው እንጂ። ዛሬም ኬሚስትሪ የማያውቅ አባት ማድረግ ያለበት ያንኑ ነው።

በ1961 ዓ.ም. የታተመውን የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም ያበረከቱልን ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብና ሸኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅ ዐረብኛውን ብቻ ቢያውቁ ኖሮ ያ መጽሐፍ በእጃችን አይገኝም ነበር። አማርኛውንም መቻል ነበረባቸው። ልጃችን ዲኑን ለአገሩ ሰው ለማስረዳት የአገሩን ትምህርት መማር አለበት ስል ይህን ማለቴ ነው።

ሁላችንም ቤት ያስተማርንበት ጊዜ

ስለ ቤት ትምህርት በሐሳብ ብቻ መከራከር አያስፈልገንም። ሞክረነዋል። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ት/ቤቶች ሲዘጉ በአገሪቱ ያለው ቤት ሁሉ በአንድ ቀን ት/ቤት ሆነ። ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ነው የተባለው። የሴት ልጄ ታላቅ ወንድም ያን ጊዜ አንደኛ ክፍል ነበር።

በእነዚያ ወራት ያየሁትን በሁለት በኩል ልናገር። በቁርኣን በኩል በረከት ነበረው። ልጁ ከሱብሒ በኋላ ከእኔ ጋር ይቀመጥ ስለነበር ቃዒዳውን ጨርሶ ከጁዝእ ዐምማ ብዙውን ያዘ። ጎረቤቶቼም ተመሳሳይ ነገር ነግረውኛል። በሌላው በኩል ግን ትምህርቱ በየቤቱ አቅም ተከፋፈለ። ጥሩ ስልክና ዳታ ያለው ቤት ልጁ ቀጠለ፤ አንድ ስልክ ያለው፣ እሱንም አባቱ ይዞት የሚወጣ ቤት ልጁ ቆመ። የተማረች እናት ያለችው ልጅ አነበበ፤ ጉሊት የምትውል እናት ያለችው ልጅ መንገድ ላይ ዋለ። ት/ቤቱ በደከመ አቅሙም ቢሆን የባለሱቁንና የጠባቂውን ልጅ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ያስቀምጥ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

የሚገርመው፣ ያ የቁርኣን በረከት የመጣው ት/ቤት ስለተዘጋ ብቻ አልነበረም። እኔ ቤት ስለዋልሁ ነው። ት/ቤቱ ሲከፈት ልጁ ብቻ ሳይሆን እኔም ወደ ሥራዬ ሄድሁ፤ የሱብሒው ሰዓት ግን የትም አልሄደም፤ እዚያው ነው ያለው።

«እናስተምራለን» ሲባል ማን ነው?

እዚህ ላይ ወንዶች ቅር የምንሰኝበትን ነገር ላንሳ። «ልጆቻችንን ቤት እናስተምራለን» ስንል «እኛ» የተባለው ማን ነው? መስጂድ በር ላይ የሚናገረው አባት ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል። የሚያስተምሩት እናትየዋ ናቸው ማለት ነው። ምግቡን፣ ልብሱን፣ ሕፃኑን ይዘው አሁን ደግሞ ሳይንስና እንግሊዝኛ ሊጨመርባቸው ነው። ብዙዎቹ የሰፈራችን እናቶች ደግሞ ራሳቸው ከስድስተኛ ወይም ከሰባተኛ ክፍል ተነስተው ቤት የቀሩ ናቸው። ያኔም የተሰጠው ምክንያት ያው ነበር፤ «ሴት ልጅ ናት፣ ቤት ይሻላታል»።

የሴት ልጅ ጉዳይ ለብቻው ነው። ወንዱ ቤት ቢቀር ቢያንስ ወደ መድረሳ ይላካል። ሴቷ ቤት ስትቀር ግን እናቷ ገበያ በሄዱ ቁጥር ደብተሯ ይታጠፋል። ውኃው፣ ሕፃኑ፣ እንጀራው ከሒሳቡ ይቀድማል። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ የሚመጣው ወሬ ስለ ትምህርት አይደለም፤ ወይ ስለ ጋብቻ ነው፣ ወይ ስለ ዐረብ አገር ቪዛ ነው። ከወሎ ወደ ሳዑዲና ወደ ኩዌት በሰው ቤት ሥራ የሄዱት እህቶቻችን ስንቶቹ ናቸው ከዲን አንጻር «ት/ቤት ያበላሻታል» ተብለው ከክፍል የወጡት? ሒጃቧን ለማስከበር ከት/ቤት ያወጣናት ልጅ ማሕረም በሌለበት በሰው አገር ጓዳ ውስጥ ስትገኝ ምን እንላለን? ይህን ስጽፍ ብዕሬ ይከብደኛል፤ ግን እውነት ነው።

በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ቤት እያስተማሩ አይደለም ወይ የሚል አንባቢ ይኖራል። አዎ፣ አሉ። በዚያ አገር የቤት ትምህርት እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በሁሉም ግዛቶች ሕጋዊ ነው። በየሰፈሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ የተዘጋጀ መጽሐፍ ይሸጣል፣ ዩኒቨርሲቲውም ቤት የተማረውን ልጅ የሚቀበልበት ሥርዓት አለው። ጀርመንን የመሰሉ አገሮች ደግሞ በሕግ ይከለክሉታል። እኛ ዘንድ ልጁን ለ6ኛና ለ8ኛ ክፍል ፈተና፣ ኋላም ለ12ኛ የሚያስመዘግበው ት/ቤቱ ነው። ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሲኬድም የሚጠየቀው መሸኛ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጎረቤታችን ካዛንቺስ ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወረ። የቁርኣን ሐልቃው ተበተነ፣ ኡስታዙም ሌላ ቦታ ሄደ። ተማሪ የነበረው ልጅ ግን መሸኛውን ይዞ በሄደበት ት/ቤት ከነበረበት ክፍል መቀጠል ይችል ነበር። ቤት የተማረ ልጅ መሸኛ የሚጽፍለት ማነው?

አንድ ብርቱ መከራከሪያ

ከሰማኋቸው ሁሉ የከበደኝ መከራከሪያ ዲንን የሚመለከት አይደለም። አንድ ባለሱቅ ጎረቤቴ ነው ያነሳው። «በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት ግማሽ ያመጡት ከመቶ 3.3 ናቸው፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4። ታዲያ 12 ዓመት ልኬው ከመቶ ዘጠና አምስቱ ጋር ሊወድቅብኝ ነው?» አለኝ። ቁጥሩ ልክ ነው። በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 ከፍ ቢልም የሚያኮራ አይደለም።

ይህ ቁጥር ግን የሚናገረው ልጅ ት/ቤት ስለገባ ብቻ አይማርም የሚለውን ነው። ት/ቤት ያልገባ ይማራል አይልም። ያለፉት ጥቂቶች በብዛት ከየት መጡ ብንል፣ ከአዳሪ ት/ቤቶችና ክትትል ካለባቸው ት/ቤቶች ነው፤ ትምህርት የበዛላቸው እንጂ የቀነሰላቸው አይደሉም። ባለሱቁ ወዳጄ ከዚህ ቁጥር መውሰድ ያለበት፣ ማታ ሱቁን ዘግቶ ሲገባ የልጁን ደብተር መግለጥ እንዳለበት ነው።

ሰዓቱን እንቁጠር

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ልጅ ከጠዋቱ 2፡00 እስከ 9፡30 ት/ቤት ይውላል እንበል። በሳምንት አምስት ቀን 37 ሰዓት ተኩል ነው። ሳምንቱ 168 ሰዓት አለው። በቀን አሥር ሰዓት ቢተኛ 70 ሰዓት ይሄዳል። የቀረው 60 ሰዓት ነው። ይህ 60 ሰዓት የማን ነው? የወላጅ ነው። መንግሥትም፣ መምህርም፣ ጓደኛም ሳይነካው በእጃችን ያለ አማና ነው።

ከት/ቤቱ ይልቅ እኛ ሰፊ ጊዜ አለን ማለት ነው። በዚህ 60 ሰዓት ሰላት ያላስተማረ አባት ልጁን ከት/ቤት አውጥቶ 97 ሰዓት ቢያደርገው ያስተምረዋል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። ሰዓቱን የበላው ት/ቤቱ ሳይሆን ተከታታይ ፊልሙና ስልኩ ነውና።

በተግባር እንየው። አዲስ አበባ ውስጥ ዙህር ዓመቱን ሙሉ ከ6፡10 እስከ 6፡40 ባለው ጊዜ ይገባል፤ የምሳ ሰዓት ነው። ልጁ ውዱእ ለማድረግና ለመስገድ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል፤ ለብቻው ለመስገድ ደግሞ ትልቅ ቦታ አያስፈልገውም። አስር የሚገባው ት/ቤት ሲለቀቅ ገደማ ነው። ከአስር እስከ መግሪብ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል አለ፤ አንዱ ለጨዋታ፣ አንዱ ለደብተር። ከመግሪብ እስከ ኢሻ ያለው ለቁርኣን ክለሳ ነው። ሱብሒ ደግሞ ለአዲስ ሂፍዝ።

የመዲናው ሙስሐፍ 604 ገጽ ነው፤ በአብዛኛው እያንዳንዱ ገጽ 15 መስመር አለው። ልጅ በቀን አምስት መስመር ቢይዝ ገጹን በሦስት ቀን፣ ቁርኣኑን በሙሉ በአምስት ዓመት ይጨርሳል። ለክለሳና ለሕመም ቀን አንድ ዓመት ጨምሩ። በሰባት ዓመቱ የጀመረ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ሓፊዝ ነው፤ ያውም ከአንድም የክፍል ቀን ሳይቀር። አምስት መስመር በማይችል ልጅ ላይ አታስጨንቁ፤ ሦስትም ትልቅ ነው።

እንግዲህ እኛ የወሰንነው ይህ ነው። ሰባት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ቤት ነበረች፤ በየኬጂው ክፍያ ሳንማረር ፊደል፣ ቁጥርና ቃዒዳ ከእናቷ ጋር ቆጠረች። በዚህ አልተጎዳችም፤ ለትናንሽ ልጆች ቤት ከኬጂ ቢበልጥ እንጂ አያንስም የሚል አሳብ አለኝ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲም አንደኛ ክፍልን በሰባት ዓመት ነው ያስጀመረው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጆችን በሰላት እንድናዝ ያመላከቱንም በዚያው በሰባት ዓመት ነው። በመስከረም ሻርፗን አጥልቃ በቅርባችን ወዳለው የመንግሥት ት/ቤት ትገባለች። ክፍያ የለውም፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በከተማችን የመንግሥት ት/ቤቶች ምገባና ዩኒፎርም ይሰጣል። እንደ አወሊያ ያለ ሁለቱንም የሚያስተምር ተቋም በሰፈራችን ቢኖር ደስ ባለን፤ ግን ሩቅ ነው፣ ለሁሉም የሚበቃ ቦታም የለም።

ት/ቤት ለሚያስገቡ ወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ከክፍል ኃላፊዋ ጋር ተዋወቁ። ችግር ሲፈጠር ብቻ የሚመጣ ወላጅ እንደ ከሳሽ ይታያል። ስለ ምሳው፣ ስለ ሰላቱ፣ ስለ ሻርፑ በትሕትና አስቀድማችሁ ንገሯቸው። አብዛኞቹ መምህራን ክፉ አይደሉም፤ ማንም ነግሯቸው ስለማያውቅ ነው። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረት ስብሰባ ሲጠራም ሂዱ። በእኛ ሰፈር ሙስሊሙ ቁጥሩ ቀላል አይደለም፤ በስብሰባው ወንበር ላይ ግን እምብዛም አንታይም። ከዚያም ወዲያ ሒጃብ የሚያስወልቅ ቢመጣ በጽሑፍ ጠይቁ፣ በጽሑፍ መልስ ተቀበሉ፤ የአክሱሙ ጉዳይ ፍርድ ቤት የቆመው በቁጣ ሳይሆን በማስረጃ ነው።

ልጃቸውን ካስወጡ ሁለትና ሦስት ዓመት የሆናቸው ወንድሞችም አሉ። ለእነርሱም በሩ አልተዘጋም። ዕድሜው ከሰባት ያለፈና ክፍል ያመለጠው ልጅ አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የሚባለው መርሐ ግብር አለለት፤ ከፍ ላለው ደግሞ የማታው አለ። የምዝገባው ጊዜ በክረምት ውስጥ ስለሚያልፍ፣ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀትና ካለ የቀድሞ ካርዱን ይዞ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽ/ቤት በዚህ ሳምንት መሄድ ነው።